ትከሻ ያለፈ ዞማ

ከተማችን ጎንደር ውስጥ «ዞማ» የሚለው ቃል ረክሷል። ባለፈው ከፒያሳ ወረድ ብሎ ካለ ፀጉር ቤት ተራዬን ስጠብቅ፣ ካስክ ሥር የተቀመጠች ልጅ መደርደሪያው ላይ በላስቲክ ታሽጎ ወደተሰቀለው ሂውማን ሄር እየጠቆመች «ያንን ዞማ አውርጅልኝ እስኪ» አለች። ሠራተኛዋ አወረደችላት። ልጅቷ እንደ ሻርፕ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በመስታወት አየችው፤ አልወደደችውም፤ መለሰችው። ዞማ ተሞክሮ ሲመለስ ያን ቀን አየሁ። ነገሩ እኔን ምን አገባኝ? ግን ተናደድኩ። ለመናደድ ብዙ ምክንያት የምፈልግ ሰው አይደለሁም።

እናቴ በኖረችበት፣ እኔም እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ ባደግሁበት አገር፣ ከዳባት የመኪና መንገድ ወርዶ አንድ ሰዓት ተኩል ሽቅብ በእግር በሚያስኬደው ደጋ፣ ረጅም ፀጉር ያላት ሁሉ ዞማ አትባልም። ከርዳዳው ቢያድግ ጎፈሬ ነው። ማበጠሪያ የጠላው ጨብራራ ይባላል። ቀጥ ብሎ የሳሳው ሉጫ ነው፤ እሱም ቢሆን ወግ ነው። ዞማ የሚባለው ሲፈታ በገዛ ክብደቱ የሚወርድ፣ ባለቤቱ ስትራመድ ወገቧ ላይ የሚተኛ ፀጉር ነው። ቃሉ ከፀጉሩ አልፎ ሴትዮዋን ይጠራል። «ዞማ መጣች»፣ «ዞማ ናት ያበሰረችን»፣ «የዞማ ላም ወለደች» ይባላል። በአንድ ጊዜ ደግሞ በመንደሩ ውስጥ አንዲት ሴት ብቻ ናት ዞማ የምትባለው። ሌላዋ ፀጉሯ መሬት ቢጠርግ እንኳ ቦታው ተይዟልና ትጠብቃለች፤ ልክ እንደ ጭቃ ሹምነት። እናቴ ከሠርጓ ሳምንት ጀምሮ ዞማ ነበረች። በስሟ የሚጠሯት የነፍስ አባቷ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም በክርስትና ስሟ።

እኔ በአባቴ ወጣሁ። ፀጉሬ ከርዳዳ ነው፤ ቢጎትቱት አይረዝም፣ ቢለቁት ወደ ቦታው ይመለሳል። የመንደሩ ሴቶች ራሴን ዳብሰው «ምነው የዞማ ልጅ፣ ማን ላይ ጣልሽው?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ግን እናቴን መሰለ። በልጅነቴ ያበሳጨኝ ነገር ቢኖር ወንድ ሁኖ ያን ፀጉር ማግኘቱ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ፀጉሯን ታጥባ ለፀሐይ ስትፈታው ሥራ ይቆማል። ወንዶቹ እንዳላየ ዘወር ብለው ያልፋሉ፤ ሴቶቹ ደግሞ አውቀው አጥር ሥር ይቆማሉ። እኔ ውስጡ ገብቼ እደበቅ ነበር። ቅቤና አደስ ይሸታል፤ ብርሃኑ በመሐል በመሐል ይገባል። እዚያ ውስጥ ሆኜ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር የማወራው። ለምን እንደሆነ ያኔ አላውቅም፤ አሁን ግን ቤተ ክርስቲያን ስገባ የሚሰማኝ ስሜት እንደነበረ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። በእኛ አገር የሴትን ራስ አይቶ ቤቷ ምን እንደደረሰባት ማወቅ ይቻላል። ባሏ፣ ልጇ፣ እናቷ ወይም አባቷ የሞተባት ሴት ፀጉሯን በምላጭ ትላጫለች። ሰው ሳይሞት መላጨት ደግሞ ሞትን ና ብሎ መጥራት ነው፤ ማንም አያደርገውም። አባቴ ሲሞት ሰባት ዓመቴ ነበር። በአንድ አጥር የምንዋሰናት የእናቴ ጓደኛ ከግቢው ጥግ አስቀምጣ ስትላጫት አየሁ። ያቺው ሴት ናት ፀጉሩ ሲበቅል ሹሩባ የምትሠራት። የምትላጨውም የምትጎነጉነውም አንድ እጅ ነበር። እናቴ ከዚያ በኋላ የተላጨችው ለእናቷ ነው፤ ለአያቴ። ይህ የዛሬ ሰባት ዓመት ነው።

ዘንድሮ መስከረም ላይ በእናቴ ጡት ውስጥ እብጠት ተገኘ። ጎንደር ወደ እኔ ቤት አመጣኋት፤ ቤቴ ቁስቋም ነው። በዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ቢሮ ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ የተማሪ ፎርም ሲጎድል የምጮህ ሴት ነኝና ሆስፒታሉም ውስጥ መጮኼን አላቆምኩም፤ ሐኪሞቹ ግን ታገሡኝ። ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። በሁለተኛው ሳምንት የሚከታተላት ወጣት ሐኪም ቁስሉን አይቶ ደስ አለው።

«እማማ፣ በጥሩ ሁኔታ እየዳነ ነው» አላት። «አሁን የቀረው በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ነው። በሽታው እንዳይመለስ የሚከለክለው እሱ ነው። ያደክምዎታል፣ ያቅለሸልሽዎታል፣ ፀጉርዎም ይረግፋል። ግን አይስጉ፤ ተመልሶ ይበቅላል።»

እናቴ ስለ ድካሙም ስለ ማቅለሽለሹም አልጠየቀችም። «ምኔ ይረግፋል?» አለች።

«ፀጉርዎ።»

«ሁሉም?»

«አዎ እማማ።»

ነጠላዋን አስተካክላ ከወንበሩ ተነሳች። «ማን ሞቶብኝ?» አለችው።

ሐኪሙ እኔን አየኝ። እኔ ሳቅሁ፤ የሚያስቅ ነገር ግን አልነበረም። ስንወጣ ለብቻዬ ጠርቶ፣ ቢበዛ በሦስት ሳምንት ውስጥ ካልተጀመረ ቀዶ ሕክምናው ብቻውን እንደማይበቃ ነገረኝ። መድኃኒቱን ካልወሰደች እናቴን እንደማጣት ያን ቀን ገባኝ።

ሦስቱን ሳምንት በጭቅጭቅ ጀመርነው። ጭቅጭቁ የእኔ ብቻ ነበር፤ እሷ አትመልስም። «ፀጉርሽ ይበልጣል ወይስ ነፍስሽ?» እላለሁ። «ለውበት ብሎ የሚሞት ሰው አለ? በስድሳ አምስት ዓመትሽ?» እላለሁ። አንድ ቀን ጎረቤት እስኪሰማ «ዞማ መባሉ ቢቀርብሽ ምን ይጎድልሻል!» ብዬ ጮኽኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ፀጉሯ ውስጥ ተደብቄ ያደግሁት። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ከዚያ ደግሞ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ያንን ፀጉር ቤት ሄጄ ሂውማን ሄር ገዛሁላት። አዎ፣ እኔም እዚያው መደርደሪያ ፊት ቆሜ መርጫለሁ። ረጅም፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ነበር። ላስቲኩን ቀድጄ ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩላት። በግራ እጇ ዳበሰችው። ጫፉን በሁለት ጣቷ ይዛ አሸችው።

«የማን ነው?» አለችኝ።

«የሰው ነው። እውነተኛ የሰው ፀጉር ነው» አልኳት ጥራቱን ላስረዳ።

«የሰው መሆኑንማ አየሁት። የማን ነው?»

«ከውጭ ነው የሚመጣው። ከህንድ ይሆናል።»

ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርባ አየችው። «ማን ሞቶባት ነው?» አለችኝ።

ልስቅ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ሳቄ ጠፋ። ከልቧ ነው የጠየቀችው። ለእሷ ይህ ፀጉር ከአንዲት ሴት ራስ ላይ የወረደ ነው፣ ያቺ ሴት ደግሞ በሆነ አገር ግቢ ጥግ ተቀምጣ አልቅሳለች። ንጹሕ ጨርቅ አስመጣችኝ፣ ጠቅልላ ከቁም ሣጥኑ ላይኛው መደርደሪያ አስቀመጠችው፣ «ነፍስ ይማር» አለች። የማታውቃትን ሴት፣ የማታውቀውን ሟች። እኔ ሁለት ዲግሪ አለኝ፤ ያንን ፀጉር ስገዛ ግን ራስ እንደነበረው አንድም ጊዜ አላሰብኩም።

ከዚያ በኋላ መጮኼን ቀነስኩ።

ቀዶ ሕክምናው ቀኝ እጇን ስላሰረባት ወደ ላይ ማንሳት አትችልም ነበር። ስለዚህ ማበጠሩ በእኔ ላይ ወደቀ። በአርባ ሁለት ዓመቴ የእናቴን ፀጉር ለመጀመሪያ ጊዜ የፈታሁት በረንዳዬ ላይ ነው፣ ጠዋት፣ እሷ ዱካ ላይ ተቀምጣ። ሹሩባውን ስፈታ እየወረደ፣ እየወረደ ዱካውን አልፎ ሲሚንቶው ላይ አረፈ። ተንበርክኬ ነበር የማበጥረው፤ ሌላ መንገድ የለውም። ክብደቱ እጄን አደከመው። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ሰው ራስ ላይ ተሸክሞ ውኃ መቅዳት፣ ማረም፣ ማጨድ ይቻላል ወይ ብዬ ተገረምኩ፤ ተገረምኩ ብቻ አይደለም፣ ፈራሁት።

ያስፈራኝ ደግሞ ቀለሙ ነው። ሥሩ ነጭ ነው፣ ጥጥ። ከትከሻዋ በታች ገብስማ ይሆናል። ወገቧን ሲያልፍ ይጠቁራል፤ ጫፉ ላይ እንደ ልጃገረድ ጥቁር ነው። የአንዲት ሴት እርጅና ከታች ወደ ላይ ተጽፎ በጄ ይዤ አየሁት።

ጫፉ ግን ተሰነጣጥቋል። «ትንሽ ላስተካክልልሽ» ብዬ መቀስ አነሳሁ። የማትነሳው ቀኝ እጇ ተነሳች። አንጓዬን ያዘችኝ፤ በዚያ በታመመው ክንድ፣ ሐኪሙ ገና አንድ ወር ይፈጃል ባለው። ሕመሙ ፊቷ ላይ ሲያልፍ አየሁት፤ ግን አልለቀቀችኝም።

«እሱ ከሄደ ወዲህ መቀስ አልነካውም» አለች።

ስለ ወንድሜ እየተናገረች ነበር። እሱ ከመንደር የወጣው የዛሬ ሰባት ዓመት ነው፤ በአይከል አድርጎ ወደ መተማ፣ ከዚያ ወደ ሱዳን። ከአይከል አንዴ ደወለ፣ ድንበሩን ከተሻገረ በኋላ ሁለቴ። ከዚያ ሱዳን ታመሰች፣ ስልኩም ዝም አለ። እሱ ሲሄድ እኔ ጎንደር ስለነበርኩ አሸኛኘቱን አላየሁም፤ እናቴም ነግራኝ አታውቅም። ያን ጠዋት አንጓዬን እንደያዘች ነገረችኝ።

«አያትሽን ከቀበርን ገና ሁለት ወር ነበር። ራሴ ሁለት ጣት ያህል ነው የበቀለው። በሩ ላይ ሳመኝና ራሴ ላይ እጁን ጭኖ ሳቀ፤ ‹ፀጉርሽ ትከሻሽን ሳይነካ መጣሁ በይ› አለኝ። ጎረቤታችን በሶ ልታቀብለው መጥታ ቆማ ትሰማ ነበር።»

«እሺ?»

«እሺማ ትከሻዬን ነካ። አልመጣም። ብከረክመውስ ብዬ አሰብሁ፤ ብከረክመው እኮ ቀኑ ገና ነው ማለት ነው። ኋላ ልጄን ማታለል መሰለኝ። ደግሞ መቀስ ለሞተ ነው። ተውሁት፤ ይርዘም አልሁ።»

ያ ሁሉ ጥቁር፣ ያ ሁሉ ገብስማ፣ ያ ሁሉ ነጭ የሰባት ዓመት ጥበቃ ነበር። እኔ ደግሞ ውበት ነው ብዬ ስሰድባት ሰነበትኩ። እጄ ውስጥ ያለውን ፀጉር መልቀቅም መያዝም አቃተኝ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች ቀጥላ። «የጠፋ ሰው ሲቆይ አገር ይመጣና እርሙን አውጭ ይላል። ተቀምጠሽ ታለቅሻለሽ፣ ትላጫለሽ፣ በቃ ሞተ ይባላል። እኔን ግን በሰባት ዓመት አንድም ሰው እርሙን አውጭ ብሎኝ አያውቅ። አየሽ፣ አገሩ ሁሉ አብሮኝ ይጠብቀዋል። ታዲያ አሁን ተላጭቼ ባዩኝ ምን ይላሉ? የእኔ ራስ ከወረደ የእሱ ነገር አለቀ ማለት ነው።»

ለሦስት ቀን አልጨቀጨቅኳትም፤ አበጠርኳት ብቻ። ሐኪሙ ካለው ቀን አምስት ብቻ ቀርቶ ነበር። በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ማበጠሪያው ወገቧ ላይ ሲደርስ፣ ነገሩን ራሷ አነሳችው።

«እኔ ከሞትሁ ማን ይጠብቀዋል?»

«እኔ» አልኳት ቶሎ ብዬ።

ዞራ ፊቴን አየችና «በይ ለሐኪሙ ደውይለት» አለች።

የራሷ ሕግ ነበራት። ምላጭ አይነካኝም አለች፤ ምላጭ የለቅሶ ነው። በቶንዶስ ይሁን አለች፣ ከወንዶች ፀጉር ቤት በሚገኘው በኤሌክትሪኩ። ማንም አያለቅስም አለች፤ ይህን ስትል እኔን እያየች ነው። ከመላጨቷ በፊት ጣቶቿን እንሶስላ ሞቀች፣ ዓይኗን ተኳለች፣ የአጎቴ ልጅ ሲዳር የለበሰችውን ቀይ ጥልፍ ያለበትን ቀሚስ ለበሰች። ከዚያ ዱካው ላይ ተቀመጠች፣ የሚዳሯት ይመስል።

ሁለት ትልልቅ ጉንጉን አድርጌ ቶንዶሱን ከሥራቸው እያስገባሁ ቆረጥኳቸው። ጉንጉኖቹ እጄ ላይ ሲወድቁ ክንዴ ዝቅ አለ። የቀረውንም አወረድኩት። የእናቴ ጭንቅላት እንዲህ ትንሽ፣ እንዲህ ክብ መሆኑን በዕድሜዬ አላውቅም ነበር። ከጆሮዋ ጀርባ የልጅ ቆዳ የመሰለ ቦታ አለ። እዚያ ላይ ሳምኳት። እሷ በግራ እጇ ራሷን ከፊት እስከ ኋላ ዳብሳ «ኧረ ብርዱ!» አለችና ሳቀች። አላለቀስኩም፤ ከንፈሬን ግን እስኪያብጥ ነክሼው ነበር።

መድኃኒቱ ተጀመረ። አደከማት፣ አቅለሸለሻት፤ ሐኪሙ ያለው ሁሉ ሆነ። በሁለተኛው ዙርና በሦስተኛው መካከል ትንሽ ጠና ስትል ታኅሣሥ ገብቶ ገብሷ ሊወቃ ነው ተባለ። መሬቷን የእኩል የሚያርሱላት ሽማግሌ ያለ እሷ አውድማ አይነሳም ብለው ላኩባት። ሐኪሙ ለሦስት ቀን ፈቀደ። መንገዱም ያን ሳምንት ሰላም ነው ስለተባለ በሚኒባስ ዳባት ወረድን።

ሽቅቡን በየሃምሳ እርምጃው እያረፍን ወጣነው። ያንኑ ቀይ ጥልፍ ቀሚስ ለብሳለች። እንሶስላዋን ከመነሳታችን በፊት እንደገና ሞቃለች፤ ዓይኗ ተኩሏል። መንደሩ ከሚታይበት ጉብታ ላይ ስንደርስ ቆመች፤ ሻሿን ፈታ ሰጠችኝ። ንፋሱ ደግሞ ጭካኔ ነበረው።

«እማ፣ ይበርድሻል። ልበሺው።»

«የሸፈነ የደበቀ ነው የሚመስለው» አለች። «ይዩት። ቀሚሴንም ይዩት። ሐዘንተኛ ቀይ ትለብሳለች?»

ራቁት ራሷን ቀና አድርጋ ቁልቁለቱን ጀመረችው። ከኋላዋ ሆኜ አያታለሁ። በዚያ ብርሃን፣ በዚያ ቀሚስ፣ ያቺ ትንሽ ራስ ከማንኛውም ዞማ በልጣ ታየችኝ። እንዲህ ዓይነት ሴት መኖሯ ሳይሆን እኔን መውለዷ ነው የገረመኝ።

ምንጩ ጋ ስንደርስ ጎረቤታችን ውኃ እየቀዳች ነበር፤ ያቺ ሁሌ የምትላጫት፣ ሁሌ የምትጎነጉናት። ቀና አለች። እናቴን አየች። ቀሚሱን አላየችም፤ እንሶስላውን አላየችም፤ ኩሉን አላየችም። ራሷን ብቻ ነው ያየችው። ጀሪካኑን ለቀቀችው፣ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች፣ የወንድሜን ስም ጠርታ «ዋይ! ዋይ የኔ ልጅ!» ብላ ጮኸች።

ጩኸቱ ሽቅብ ሄደ። ከየቤቱ ሴቶች ወጡ። በእኛ አገር ዋይታ ሲሰማ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ነው?» ነው፤ ሰው እየሮጠ ይጠይቃል። ያን ቀን ማንም አልጠየቀም። ነጠላቸውን እየጣሉ፣ ደረታቸውን እየመቱ፣ ሁሉም የወንድሜን ስም እየጠሩ መጡ። ወንዶቹ ከአውድማው ሥራቸውን ጥለው ጋቢያቸውን አደግድገው ከኋላ ቆሙ። እኩል አራሹ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ለቅሶው ገና አሁን የተጀመረ አይመስልም፤ ተዘጋጅቶ የቆየ፣ ቃሉ ሁሉ የተጠና ለቅሶ ነበር።

እናቴ መሐላቸው ቀይ ለብሳ ቆማለች። አልጮኸችም፣ አላቋረጠቻቸውም። ፊታቸውን ተራ በተራ እያየች ሰማቻቸው። ጎረቤታችን እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ይዛ አነሳቻት።

«ማንም አልሞተም» አለች። ድምፅዋ ትንሽ ስለነበር የፊቶቹ ዝም ሲሉ ነው የኋላዎቹ የሰሙት። «ታምሜ ነው። የመድኃኒት ነው ይኸ። የልጄ መርዶ አልመጣም።»

አንዷ ነጠላዋን ከመሬት አነሳች። ሌላዋ አፏን በእጇ ሸፈነች። እንደዚያ ያፈረ ሕዝብ አይቼ አላውቅም።

«አያ፣ እርስዎም?» አለች ወደ ሽማግሌው ዞራ። ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። እናቴ ወደ ጎረቤታችን ተመለሰች። አልተቆጣችም፤ ማወቅ ነው የፈለገችው።

«ልጄ ለእናንተ መቼ ነው የሞተው?»

ጎረቤታችን ልትዋሽ ትችል ነበር። አልዋሸችም።

«ፀጉርሽ ትከሻሽን ያለፈ ጊዜ ነው እታለም» አለች። «ቃሉን በጆሮዬ ሰምቼው የለ? ሲነካም ሲያልፍም በጄ ነው። ከዚያ ወዲህ ሹሩባ በሠራሁሽ ቁጥር አለቅስ ነበር። ከኋላሽ ስለሆንሁ አታይኝም።»

እናቴ እጇን ከክንዷ ላይ አላነሳችም። ለሰባት ዓመት አብሮ የሚጠብቅ ያለችው አገር ፊቷ ቆሟል፤ ነጠላው ተጥሎ፣ ዓይኑ ቀልቶ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እንደምትዞር አውቄ ነበር፤ ግን የምገባበት አልነበረኝም።

«አንችስ?» አለችኝ።

ሁልጊዜ መልስ ያለኝ ሴት ነኝ። እሷን የመሰለ ሰው ግን መዋሸት አይቻልም።

«ከሁሉም በፊት ነው እማ» አልኳት። «በመጀመሪያው ዓመት።»

ራሷን ነቀነቀች፤ ለብዙ ጊዜ ያልገባት ነገር የገባት ያህል። ግራ እጇን አንስታ ራቁት ራሷን ዳበሰች።

«ለዚህ ነዋ የከበደኝ» አለች። «የእናንተንም ድርሻ ተሸክሜው ነበር።»

ሻሿን ልሰጣት እጄን ዘረጋሁ፤ አልተቀበለችኝም።

«አልቅሳችሁ እንደሆነ ወጥቶላችኋል» አለቻቸው። «እኔ ገና አበቅላለሁ።»

ከዚያ ገብሱ ወደተከመረበት ወደ አውድማው መንገድ ጀመረች። እኛ ሁላችን ከኋላዋ ሄድን።